በቁም የተነበበ የሕይወት ታሪክ

ተፈቀደ። ተፈርሞበታል፣ ማኅተም ተመቶበታል፣ ደግሞም ደውለው ነግረውኛል። ጠዋት ቢሮ ተቀምጬ ስልኬ ጮኸና ከአዲስ አበባ አንዲት ለስላሳ ድምፅ «እንኳን ደስ አላችሁ፣ ድጋፉ ጸድቋል» አለችኝ። «ደስ ብሎናል» አልኩና ዘጋሁባት። እኔ ደስ ሲለኝ ቋንቋ የሚጠፋኝ ሰው ነኝ። ደግነቱ መልሳ ደወለች።

ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ሳልነግር አላለፍኩም። መጀመሪያ የቢሮውን ዘበኛ አቀፍኩት።

«ሎተሪ ደረሰህ?» አለኝ።

«ከሎተሪ ይበልጣል።»

«እንግዲያው ምሳ በአንተ ነው።»

ቀጥሎ የባጃጁ ሹፌር ነበር። እስከ ሸዋ በር ድረስ ጆሮው ላይ ስጮህበት መጥቼ ልወርድ ስል ዞር ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ ለመሆኑ ገንዘቡ ያንተ ነው?» አለኝ። አይደለም አልኩት። «ታዲያ አንተን ምን ያስጮህሃል?» አለኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ለእናንተም መልስ ሊኖረኝ ይገባል።

የምሥራቹ የእትዬ ብርነሽ ነው። የእኔ ድርሻ ሊያበላሸው ትንሽ የቀረው ሰው ድርሻ ነው።

ጌታነህ እባላለሁ፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛና ጸሐፊ ነኝ። «ጸሐፊ» የሚለውን ቃል በራሴ ላይ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ደግሜ ልጻፈው፤ ጸሐፊ ነኝ። እስከዚህ ዓመት ድረስ የጻፍኳቸው ሥራዎች በሙሉ የተነበቡት በመቃብር አፋፍ ነው። በሰፈራችን ሰው ሲያርፍ የሕይወት ታሪኩን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ሌሊቱን ጽፌ በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ ይነበባል፣ ሕዝቡም ያለቅሳል። የትኛው ደራሲ ነው አንባቢው ሁሉ የሚያለቅስለት? ባለታሪኮቼም አንድ ቀን ቅሬታ አቅርበው አያውቁም። ባለቤቴ ወይንሸት «አንተ እኮ ሰው ሲታመም ዓይንህ የሚበራ ሰው ነህ» ትለኛለች። ታጋንናለች፤ ሲጠናበት ነው እንጂ።

ወደ እትዬ ብርነሽ ልመለስ። የተወለደችው ከሐረር ግንብ ውጭ፣ ከሸዋ በር ወረድ ብሎ ካለው ሰፈር ነው። አያቷ ከጦር ጋር መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው፤ የእኔም አያት እንደዚያው። እናቷ አረቄ ያወጡ ነበር፣ እሷም ሙያውንም ቤቱንም ደንበኛውንም ወረሰች። ስለ አረቄዋ ጥራት የምሥክርነት ቃል ልሰጥ እችል ነበር፤ ይህን ጽሑፍ ግን ወይንሸትም ታነበዋለች።

ከደንበኞቿ አንዱ ዮሐንስ ነበር፣ ሬዲዮ ጠጋኙ። ዮሐንስ የሞተ ሬዲዮ ከፍቶ እንደ ፀጉር የቀጠነች ሽቦ ሲበይድ ትንፋሹን እንኳ አትሰማም ነበር። እየቆየ ግን እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንድ ጠዋት መጥቶ አረቄ ቀዳችለት፤ መለኪያው ከጠረጴዛው ወደ አፉ ሲሄድ መንገድ ላይ ፈሰሰ። ደግማ ቀዳችለት፤ ያም ፈሰሰ። በመጨረሻ በአንድ እጇ አገጩን፣ በሌላው መለኪያውን ይዛ ራሷ አጠጣችው፤ ልጅ መድኃኒት እንደሚያጠጡት።

«ያን ቀን ስሸጥ አልዋልኩም» አለችኝ አንድ ጊዜ። «እናቴ መሸጥ ነው ያስተማረችኝ፣ ጌታነህ። ማጥባት አላስተማረችኝም።»

በማግሥቱ በዚያው ሰዓት ዮሐንስ ሲመጣ በዚያው መለኪያ ትኩስ የአጥንት ሾርባ ቀዳችለት። ተጎነጨና ሊተፋው ምንም አልቀረውም።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የዛሬው ይሄ ነው።»

«ነገስ?»

«የነገውም ይሄ ነው።»

ሰፈሩ «ብርነሽ አበደች» አለ። የሚሄደው ደንበኛ ሄደ። የሚሄድበት የሌለው ቀረ፣ የቀረውም ሌላ የሚሄድበት የሌለው ይዞ መጣ፤ የአረቄውም፣ ጫት ይዞት ሥራም ቤተሰብም የጣለውም። ሾርባው ዛሬም በመለኪያ ነው የሚቀዳው፤ «እጃቸው የሚያውቀው ይሄን ነው፤ በጎድጓዳ ሳህን ብሰጣቸው ይደነግጣሉ» ትላለች። ሰውነቱ የሚወራጭበትን ሰው ግን ራሷ አትዳፈርም፤ አሸክማም ቢሆን ሐኪም ቤት ታደርሰዋለች፣ ሐኪሞቹ ሲጨርሱ ደግሞ ትረከበዋለች።

ቤቷ ሲጠባት ሐጂ ሙሐዲን የተባሉ የሐረሪ ሽማግሌ በጀጎል፣ ከግንቡ ውስጥ ያለውን የአባታቸውን ቤት አከራዩአት፤ ኪራይ ሲሉት ነው እንጂ ከምስጋና ብዙም አይበልጥም ነበር። የሐረሪ ቤት ውስጡ ወንበር የለውም። በቀይ አፈር የተለቀለቀ፣ እንደ ደረጃ ከፍ ከፍ እያለ የሚሄድ መደብ ነው ያለው፤ ነደባ ይባላል። ከላይኛው ነደባ የተከበረ ሰው ይቀመጣል፣ ወደ በሩ እየወረዱ ሲመጡ ደግሞ የቤቱ ሰው። እትዬ ብርነሽ በዚያ ቤት ያወጣችው ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ አዲስ የመጣ ሰው ላይኛው ነደባ ላይ ይተኛል፣ እየቆየ ሲሻለው አንድ አንድ እያለ ወደ በሩ ይወርዳል።

ሐጂ ሙሐዲን ይህን ሲያዩ ተገርመው ነበር። «ብርነሽ፣ አባቴ ለዑለማ፣ ለሊቃውንቱ ያዘጋጁት ቦታ ላይ ማንን ነው ያስተኛሽው?»

«ሊያመልጥ የሚችለውን ነዋ፣ ሐጂ። ከዚያ ላይ ሆኖ ማታ ልሂድ ቢል የተኛውን ሁሉ መርገጥ አለበት። አንዱን ሲረግጥ ሁሉም ይነቃል።»

«ሱብሃነላህ» አሉ ሐጂ፤ ሳቃቸው ግቢው ድረስ ተሰማ።

ዮሐንስ በዚያ ሕግ ነው የዳነው። ከላይኛው ጀምሮ እየወረደ፣ እየወረደ በሩ ሥር ደረሰ። እጁም ተመለሰለት፤ የቤቱን መብራት የዘረጋው እሱ ነው።

እንግዲህ በዚህ መሐል የሐጂ ሙሐዲን ልጅ ሚስት ሊያገባ ሆነ። ሐጂ ራሳቸው መጥተው በሩ ላይ ቆሙ፣ አልገባም አሉ። «ከዒዱ በኋላ ልጄን እድራለሁ። ቤቱ የሙሽራ ነው፣ ከአባት ከአያት እንደዚያ ነው። አንቺን አስወጥቼ ኸይር እንደማላይ አውቃለሁ፤ ሙሽራዬንም ደጅ ላሳድር አልችልም። አላህ መንገዱን ያሳይሽ።» እትዬ ብርነሽ አልተቀየመቻቸውም። ግን ማን ያከራያታል? በአቦከር ሰፈር ያየነው ቤት ሁሉ «ለማን ነው?» እስኪሉን ድረስ ባዶ ነበር፣ ስንነግራቸው ተይዞ ይገኛል። ያለበለዚያ ደግሞ የዓመቱን ቅድሚያ ክፈሉ ይሉናል። ቤት ካልተገኘ በነደባው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ወደመጣበት መመለሱ ነው።

ያኔ ነው ወይንሸት ስልኳ ላይ ማስታወቂያ ያየችው፤ አዲስ አበባ ያለ አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት በሱስ የተጎዱ ጎልማሶችን ለሚረዱ ሰዎች የገንዘብ ድጋፍ ይሰጣል ይላል። እትዬ ብርነሽ በቀጥታ ወደ እኔ መጣች።

«ጌታነህ፣ አንተ የሰው ሕይወት ትጽፍ የለ?»

«የሞተ ሰው።»

«እኔም ግማሹ አልፏል። ጻፍ።»

ጻፍኩ። የዓመቱን ሁሉ ምርጥ አማርኛዬን አወጣሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ስለ ሱስ ጎጂነት የሚናገረውን ክፍል የጻፍኩት ከሶፊ የመጣች አንዲት ዙርባ ጫት አጠገቤ አስቀምጬ ነው። ምርቃናው ሲመጣ ግቢው መሐል ፏፏቴ ተከልኩ፣ ዙሪያውን አበባ፣ ከበስተጀርባው የስብሰባ አዳራሽ። ጠዋት ወይንሸት አንብባ «ፏፏቴው ለማን ነው?» ስትለኝ እኔም አላወቅኩም። ፏፏቴውን ሰረዘችው። ሌላውን ግን እሷም አላስተዋለችውም።

ከመላኩ በፊት ቤቱ ሄጄ አነበብኩላቸው። ሁሉም በየነደባው ተቀምጧል፤ እኔ መሐል ወለሉ ላይ ቆሜ ድምፄን እንደለመድኩት ዝቅ አድርጌ ጀመርኩ።

«ወይዘሮ ብርነሽ ከአባታቸው ከሃምሳ አለቃ ተክለጻድቅ በሐረር ከተማ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለሥራ ሲደርስ በአረቄ ንግድ ተሰማርተው ኅብረተሰቡን በቅንነት አገለገሉ። ወይዘሮ ብርነሽ ደግ፣ ርኅሩኅ፣ የተራበ አብልተው የማይጠግቡ፣ ሰው ወዳድ እናት ነበሩ። የጀመሩት በጎ ሥራም በወዳጆቻቸው ይቀጥላል። ለመላው ቤተሰባቸው መጽናናትን እንመኛለን።»

አለቀሱ። ነደባው ሁሉ አለቀሰ። እትዬ ብርነሽ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና «እንዲህ ነበርኩ እንዴ» አለች። ዮሐንስ ከበሩ ሥር «ነፍስ ይማር» አለ፣ ሌሎቹም «ይማር» አሉ። እኔም አንገቴን ደፍቼ አመሰገንኩ። አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ ምን እያልን ነው አላለም። ምን ይበሉ? እኛ አገር የሰው ሕይወት ጮክ ተብሎ የሚነበበው መቼ ሆነና ነው።

መልሱ ሲመጣ ደስታው እንዳያመልጠኝ ብዬ ሳልከፍተው ወደ ቤቱ ሮጥኩ። ሁሉም ፊት ከፍቼ አነበብኩት። «በወይዘሮ ብርነሽ ተክለጻድቅ ኅልፈት የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እየገለጽን፣ ሥራውን የሚቀጥል ኃላፊ አለመኖሩን ስለተገነዘብን ማመልከቻውን ለመቀበል የምንቸገር መሆኑን…»

ደብዳቤውን አጠፍኩት።

«ማን ነው የሞተው?» አለች እትዬ ብርነሽ።

«አንቺ ነሽ።»

«መቼ?»

«እንጃ። ቀኑን አልጻፍኩም።»

መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት፤ ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ ሌሎቹም ተከተሉ። ዮሐንስ ብቻ አልሳቀም። ተነስቶ ልብሱን በፌስታል ሰበሰበ። «እኔ ድሮም አውቄዋለሁ» አለ። «ሙሽራ ይገባል፣ እኛ እንወጣለን። ከመባረር ቀድሞ መሄድ ይሻላል።» እትዬ ብርነሽ ስሙን ጠራችው፤ ዞር አላለም። በሩ ሥር ስለነበር የሚረግጠው ሰው አልነበረም። የዳነ ሰው ነበርና ማንንም ሳይቀሰቅስ ወጣ።

ያን ጊዜ ነው የእኔ ጽሑፍ የሰው ሕይወት እንደሚነካ የገባኝ። ሌላ ጊዜ ባለታሪኮቼ ከዚህ የባሰ ሊደርስባቸው አይችልም ነበር።

ደወልኩ። ኤደን የምትባል የድርጅቱ ሠራተኛ አነሳች።

«እትዬ ብርነሽ አለች» አልኳት።

«ይቅርታ፣ ማን ልበል?»

«ጌታነህ ነኝ፣ የሕይወት ታሪኩን የጻፍኩት። አልሞተችም። አሁን ድንች እየላጠች ነው።»

«አቶ ጌታነህ» አለችኝ በጣም በርኅራኄ፤ «ሐዘኑ ገና ትኩስ ስለሆነ ነው። እኔም እናቴን ባጣሁ ሰሞን ወጥ ቤት ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር። ሰው አጠገብዎ አለ?»

«እሷ አለች።»

«አይዞዎት» አለችኝ።

አይዞዎት መባሉስ ደህና፤ በሚቀጥለው ሳምንት ለሥራ ድሬዳዋ መጥታ ኖሮ በዚያው ለቅሶ ልትደርስ ሐረር ወጣች። እኔ በሩ ላይ ልቀበላት ቆሜ ነበር፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስትመጣ እኔ ሳላስረዳት እትዬ ብርነሽ ቀድማ በሩን ከፈተች።

«የሐዘኑ ቤት ይሄ ነው፣ እማማ?»

«የማን ሐዘን?»

«የወይዘሮ ብርነሽ።»

«እሷስ ሾርባ ጥዳለች። ግቢ የኔ ልጅ፣ ነጠላሽን አስተካክይ፤ በቁሜ አትቅበሪኝ።»

ኤደን እንግዳ ናትና ወዴት ትቀመጥ? ላይኛው ነደባ ላይ። አጠገቧ ከትናንት በስቲያ የመጣ፣ ጥርሱ የሚንገጫገጭ ሰው ብርድ ልብስ ለብሶ ተቀምጧል። ወዲያው ለሁለቱም በመለኪያ ቀረበላቸው። ኤደን መለኪያውን አየች፣ ሰውየውን አየች፣ እኔን አየችኝ። ወደ ሱስ ማገገሚያ ለመጣ ሰው በአረቄ መለኪያ መጠጥ ሲቀርብለት ፊቱ ምን እንደሚመስል ያኔ አየሁ። እኔ በማስረዳት ፋንታ «ለጤናችን» አልኩ።

«ቅመሺው» አለቻት እትዬ ብርነሽ። «አጥንትና ጨው ነው። ይሄ ሰውዬ ብቻውን አይጠጣም፣ ከሰው ጋር ግን ይጠጣል።»

ቀመሰች። ሰውየውም እጇን አይቶ ጠጣ።

ከዚያ ልሂድ ብላ ተነሳች። ያ ነደባ ግን ያ ነደባ ነው፤ ከእሱ ለመውረድ ሁሉም ፊት ማለፍ አለባት። የመጀመሪያው ሰው ልታልፈው ስትል ከየት እንደመጣ ነገራት፣ ተቀመጠች። ሁለተኛው ሚስቱ ልጆቹን ይዛ እንዴት እንደሄደች፣ አሁን ደግሞ በስልክ እንደምታናግረው ነገራት። እንዲህ እያለች ነደባ ለነደባ ስትወርድ ፀሐይ ከግንቡ ወዲያ አለፈች። በሩ ሥር ስትደርስ የታጠፈ ፍራሽ አየች።

«የማን ነው?»

«የዮሐንስ» አለች እትዬ ብርነሽ። «የእናንተ ደብዳቤ የመጣ ቀን ሄደ። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፤ ገዳዬ ያውና።» በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች።

ኤደን ስትሰናበተኝ «ማመልከቻውን እንደገና ይጻፉት» አለችኝ። «እባክዎ፣ በዚህ ጊዜ በሕይወት ያለ ሰው አድርገው።» ብታምኑኝም ባታምኑኝም፣ ከበደኝ። የሞተ ሰው ሁሉ ደግ ነው፤ በሕይወት ያለ ሰው ግን ይሳደባል፣ ድንች ያስልጣል። በመጨረሻ ያየሁትን ብቻ ጻፍኩ፤ መለኪያውን፣ ነደባውን፣ በሩ ሥር የታጠፈውን ፍራሽ። ጫትም አጠገቤ አልነበረም፣ ፏፏቴም አልመጣም። የዛሬው የምሥራች የመጣው ለዚያኛው ነው።

የአንድ ዓመት የቤት ኪራይ፣ አንዲት ነርስ፣ የሾርባው ወጪ፤ በአቦከር ሰፊ ግቢ ያለው ቤትም አሁን «አልተያዘም» ብለውናል። ሐጂ ሙሐዲን ሲሰሙ «አልሐምዱሊላህ፣ ግን ያ ቤት ነደባ የለውም» አሉ፤ ግንበኛ ከነቀይ አፈሩ እልካለሁ ብለዋል።

እትዬ ብርነሽን ስነግራት ከድስቱ ቀና አላለችም። «እሺ» አለች። ሾርባውን እያማሰለች «ዮሐንስ ሰምቷል?» አለች።

«ገና ነው።»

«ታዲያ ለኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔ እንደሆን እዚሁ ነኝ።»

ዮሐንስ አሁን ከሶፊ አትክልት በሚያመላልስ የጭነት መኪና ላይ ጫኝና አውራጅ ሆኗል። መኪናው አስር ሰዓት ገደማ ሸዋ በር ይቆማል፤ ከመንገዱ ማዶ አረቄ ቤት አለ። አንዳንድ ቀን ይሻገራል፣ አንዳንድ ቀን አይሻገርም።

«አንቺ ብትሄጂ አይሻልም?» አልኳት።

«እኔን ሲያይ ያፍራል፣ ያፈረ ሰው ይሸሻል። አንተን ሲያይ ግን ይስቃል፤ የሚስቅ ሰው መንገድ ቶሎ አይሻገርም። ላይኛው ነደባ ላይ አንጥፌልሃለሁ ብላለች በለው፣ እሱ ይገባዋል። አንተም ጥርስህን ታጥበህ ሂድ፤ አረንጓዴ ጥርስ ይዘህ ስለ ሱስ አታውራ። ደግሞ ከሱ ጎን ሌላ ሰው የሚተኛበት ቦታ አለ፤ ለማን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።»

ሰምቼ እንዳልሰማ ሆኜ ወጣሁ። ጥርሴን ግን ታጥቤያለሁ።

ይህን የምጽፈው ሸዋ በር ጥግ ባለች ሻይ ቤት ተቀምጬ፣ መኪናውን እየጠበቅኩ ነው። ለዮሐንስ የምለውን ሦስት ዓይነት አድርጌ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሦስቱም «ወንድማችን ዮሐንስ» ብለው ስለሚጀምሩ ቀደድኳቸው። በሕይወት ያለ ሰው እንዲህ አይጠራም።

መኪናው መጣ። ከጎመኑ ላይ የተቀመጠው እሱ ነው፤ ከስቷል። ወረደ። ጃኬቱን አራገፈ፣ ወደ ማዶ አየ፣ አንድ እግሩን አስፋልቱ ላይ አሳረፈ። ሻዬን አንሺው እህቴ፣ አልመለስም። ዮሐንስ፣ አንተ ዮሐንስ፣ ቆየኝማ